የስም የለሿ ጣቢያ ጣራ

በዚያ ቅዳሜ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልጻፍ፤ ኋላ ማን ምን አደረገ ሲባል ክርክር እንዳይነሳ። እኔ ሚኪያስ ነበርኩ። እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ቱክዊላ አብረን ነው የምንኖረው። ብሩክ ነበር፤ ጓደኛዬ ነው፣ ከአየር ማረፊያ ሰው ያመላልሳል፣ የሄድንባትም ቫን የእሱ ናት። ሩት ነበረች፤ የብሩክ ልጅ፣ አራት ዓመቷ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሊንዳ ነበረች፤ የሞዴል ባቡር ክለባችን አባልና የዘንድሮ የመስመር ጎረቤቴ። ዋልተር ነበር፤ የክለባችን የመስመር ተቆጣጣሪ። ከእነዚህ ሌላ ስማቸውን ያልያዝኳቸው ብዙ ሐበሾች ነበሩ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ነው።

ንጋት፣ ቱክዊላ

ገና አልነጋም፣ ዝናቡ ያካፋል። እኔና ብሩክ ሞጁሉን ከሦስተኛ ፎቅ በደረጃ እያወረድን ነው። ሞጁል የምንለው የጠባብ በር ያህል ጣውላ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ወርዱ ስልሳ ሴንቲ ሜትር። በላዩ ላይ ሐዲድ፣ አሸዋ፣ ጥቂት ግራር፣ ስድስት ግመልና አንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ አሉ። ጣቢያዋ በአሮጌው መስመር፣ በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ያለች ናት። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያንሳል፤ ሰው ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግመል ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። የጣራውን ቆርቆሮ የሠራሁት የወጥ ቤት ፎይል በብሎን ላይ እያሻሸሁ ነው። አንድም ነገር ከልኩ እንዳይወጣ ሁሉንም በመለኪያ ነው የሠራሁት።

እትዬ ዘውዴ ሞጁሉን ብርድ እንዳይመታው በጋቢ ጠቅልለውታል። እንጨት ብርድ አይመታውም ብዬ ነበር፤ «አንተ ምን ታውቃለህ» ተባልኩ።

ደረጃው ላይ ከታች ፎቅ የሚኖሩ እናት ለሥራ ሲወጡ ተገናኘን። ሁለት ወንዶች በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክመን በቀስታ እንወርዳለን፤ ከኋላችን እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አጣፍተው ይከተሉናል። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ጣሉ።

«ውይ በሞትኩት! ማን ነው?»

«ባቡር ነው» አልኩ።

«ባቡር መታው?»

«ኧረ ደህና ነው! የእሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ሳይለይ…» አሉ እትዬ ዘውዴ፤ ዕቃው ስለከበደን ግን ቆመን የምናስረዳበት ጊዜ አልነበረም።

ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፈው አሳለፉን። «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉኝ። አመሰገንኩ። ሌላ ምን ይባላል?

መንገድ ላይ

ሀይዌዩ ባዶ ነው። የመጋዘኖቹ መብራት እርጥብ አስፋልት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በቀኝ በኩል እውነተኛ የጭነት ባቡር ኮንቴይነር ተሸክሞ ይሄዳል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔ ከኋላ ወለሉ ላይ ተኝቼ ሞጁሉን አቅፌያለሁ። ሩት ወንበሯ ላይ ታስራ ቁልቁል ታየኛለች።

«ሶ ዛሬ ካለፍክ ምን ይሰጡሃል?» አለ ብሩክ ከፊት።

«ምንም።»

«ሰርተፊኬት የለውም?»

«የለውም። መስመሩ ውስጥ ያስገቡኛል።»

«እና?»

«ባቡሩ በእኔ ላይ ያልፋል።»

ብሩክ በመስታወቱ አየኝና ወደ መንገዱ ተመለሰ። «ኦኬ» አለ በመጨረሻ፤ «ሬዲዮ ልክፈት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በትርኢቱ ቀን የክለቡ አባላት ሞጁሎቻቸውን ጫፍ ለጫፍ ገጥመው አዳራሹን የሚዞር አንድ ረጅም መስመር ይሠራሉ። እኔ ያለፉትን ሁለት ዓመታት መስመሩ ውስጥ አልገባሁም። «አዲስ ነህ» ተብዬ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ለብቻዬ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ የእኔ መስሏቸው ነበር። እጅ ማድረቂያው በጮኸ ቁጥር ግመሎቼ ይወድቃሉ። ዘንድሮ ግን ለሙከራ መስመሩ ውስጥ እንድገጥም ተፈቅዶልኛል። ጥፋት ሲገኝ ዋልተር ቢጫ ካርድ ይሰጣል። ሁለት ካርድ ያገኘ ሞጁል ይነቀላል፣ በቦታው ባዶ ጣውላ ይገባል፣ ባለቤቱም ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር ይመለሳል።

ጠዋት፣ አዳራሹ

ሲያትል መሃል ስንደርስ የፓርኪንጉ ዋጋ ከትርኢቱ መግቢያ ይበልጣል። ብሩክ «ለላስቲክ ባቡር!» እያለ ከፈለ። ባቡሩ ናስና ብረትም አለው ብዬ አረምኩት።

አዳራሹ የአውሮፕላን ማቆሚያ ያህላል። የተጠበሰ ቋሊማ፣ የዘይትና የእርጥብ ካፖርት ሽታ አለው። በየጥጉ ሽማግሌዎች የባቡር ሹፌር ቆብ አድርገው፣ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ከጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። አንዱ በአጉሊ መነጽር ላሞች ያጥባል። ሌላው ለስድስት ሴንቲ ሜትር ፖስታ ቤት አሥር ሚሊ ሜትር ባንዲራ ይሰቅላል፤ ንፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ተቆጥቶ ጎረቤቱን ይጠይቃል። እኔ እዚህ ነው ሰው መሃል ያለሁ የሚመስለኝ።

ከእኔ በፊት የተገጠመው የሊንዳ ሞጁል ነው። በበረዶ የተሸፈነ ተራራ፣ ጥድ፣ የቴሌግራፍ እንጨትና አንድ ዋሻ አለው። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ በቀጥታ ግመል መሃል ይገባል፤ በበረዶውና በበረሃው መካከል ያለው ሁለት ብሎን ብቻ ነው። ሊንዳ ብሎኑን እያጠበቀች ከልቧ ጠየቀችኝ፦

«አሸዋህ ወደ በረዶዬ አይሻገርም?»

«በሙጫ ነው የያዝኩት።»

«በረዶዬም ወደ አንተ አይመጣም» አለች። ተጨባበጥን።

ዋልተር መጣ። ሐዲዱ በሚገጣጠምበት ቦታ ሳንቲም አንሸራተተ፣ ጆሮውን ጣውላው ላይ ለጠፈ፣ ግመሎቹን በማስመሪያ ለካ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ የመጀመሪያው ባቡር ከዋሻው ወጣ፤ ግንድ የጫነ ረጅም የአሜሪካ ባቡር ነው። በእኔ ጣቢያ፣ በእኔ ግራሮች ሥር፣ አንድ ጊዜም ሳይንገጫገጭ አለፈ። ሳላስበው እጄን አንስቼ ሰላም አልኩት።

እትዬ ዘውዴ ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

«አይቆምም እንዴ?»

«አይቆምም እትዬ። ዋናው መስመር ላይ መቆም ክልክል ነው።»

«እነዚህ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል እኮ! ያቺ ልጅ ያዘለች ናት።»

«እትዬ፣ የላስቲክ ናቸው።»

«ቢሆኑስ? ሰው ካየ በኋላ ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ሹፌርነት ነው?»

ሩትን አስተርጓሚ አድርገው ዋልተር ዘንድ ሄዱ። ከሩቅ አየኋቸው፤ እትዬ ዘውዴ ረጅም ንግግር አደረጉ፣ ሩት አንድ ቃል ተናገረች፣ ዋልተርም አንድ ቃል መለሰ።

«ምን አለሽ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ኖ» አለች ሩት።

ቀትር፣ ሕዝቡ

እትዬ ዘውዴ ለካስ ሳምንቱን ሙሉ ለሚያውቁት ሁሉ ደውለዋል። የነገሯቸው «የሚኪያስ ቀን ቅዳሜ ነው፣ እንዳትቀሩ» ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አልተናገሩም። ስለዚህ ሰው የየራሱን ገምቶ መጣ። ከካፒቶል ሂል የመጡት ምረቃ መስሏቸው አበባ ይዘዋል። አንድ ቤተሰብ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ኬክ አምጥቷል፤ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው «ልጅቷ የታለች?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። ከኦበርን አንድ ሰውዬ ከመጋዘን ሥራው በቀጥታ የሚያንጸባርቅ ሰደርያውን እንደለበሰ መጣ። የክለቡ ሽማግሌዎች እውነተኛ የባቡር ሠራተኛ መስሏቸው ከበቡት፣ አብረውት ፎቶ ተነሱ፣ ማዞሪያ ሐዲዳቸውን አሳዩት። «ኦኬ ነው፣ ጥሩ ነው» እያለ ሲያልፍ አንዱ ሽማግሌ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ሁሉም የእኔ ሞጁል ፊት ቆሙ። ክለቡ እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቶ አያውቅም። የጣቢያዋ የስም ሰሌዳ ባዶ ነው፤ በሁለት ፎቶ ብቻ ስለሠራኋት የትኛዋ እንደሆነች እርግጠኛ አልነበርኩም፣ እርግጠኛ ያልሆንኩትን አልጽፍም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እዚያው ተያያዙ።

«ይቺ መኢሶ ናት!»

«አፍደም ናት እንጂ! እዚህ ጋ ነው ፍየል የገዛሁት።»

«የቱ ጋ?»

«ይኸው፣ ከዚህ ዛፍ ሥር።»

«ያ ዛፍ መኢሶ ነው ያለው ጌታዬ። አንቱ ፍየሉንም ከመኢሶ ነው የገዙት።»

«ፍየሌን አንተ ልትነግረኝ ነው?»

ወደ እኔ ዞረው ፍረድ አሉኝ። አላውቅም ስል ሁለቱም ተቀየሙኝ።

የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ቋሊማውን የሚነካ አልነበረም። እትዬ ዘውዴ ቆሎ አውጥተው በእፍኝ በእፍኝ ለሕዝቡ ማደል ጀመሩ። ቀጥሎ የሆነው በጣም ፈጠነ። የሆነ ሰው እጅ ዘረጋ፣ የሆነ ሰው ሳቀ፣ አንዲት የገብስ ፍሬ ሐዲዱ ላይ አረፈች። ስምንት ሚሊ ሜትር ናት፤ በሰማንያ ሰባት ሲባዛ የሰው ጭን የሚደርስ ቋጥኝ ማለት ነው። ባቡሩ ከዋሻው ወጣ፣ ቋጥኙን መታ፣ ሰባት ፉርጎ ከነግንዱ ግመሎቹ ላይ ተገለበጠ።

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኡ!» አለ። አንዲት ሴት አማተቡ።

ዋልተር ፍሬዋን በወረንጦ አንስቶ ብርሃን ላይ አያት።

«የእኔ አይደለም» አሉ እትዬ ዘውዴ ሳይጠየቁ፤ «የእኔ ሱፍ አለው።»

ዋልተር ካርዱ ላይ የአደጋውን ምክንያት ጻፈ፦ የወደቀ ድንጋይ። ቢጫውን ካርድ ከጣውላዬ ጎን ሰካው። «አንድ» አለኝ። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ከዚያ በኋላ እስከ መዝጊያው ድረስ ማንም እጁን ከኪሱ እንዳያወጣ ራሳቸው ጠበቁ።

ማምሻ፣ ምርመራው

ሕዝቡ ተበትኗል። ከመዘጋቱ በፊት ዋልተር በመብራትና በአጉሊ መነጽር እየዞረ ለእሑድ የሚቆዩትን ሞጁሎች ያጣራል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለ፤ እንደጎነበሰም ቀረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

የጣቢያዬ ጣራ ላይ፣ ከፎይል በሠራሁት ቆርቆሮ መሃል፣ አንድ ትንሽ ነጭ ነገር ተቀምጧል። ጥርስ ነው። የሕፃን የወተት ጥርስ።

ዋልተር ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የጥርስ ሐኪም እንደነበረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ ሌላ መነጽር ከኪሱ አወጣ። «ታችኛው መንጋጋ» አለ በቀስታ፤ «ግራ፣ የፊት። የስድስት ዓመት ልጅ ገደማ። በራሱ ጊዜ የወለቀ ነው፣ ንጹሕ ሥራ።» ከዚያ ተቆጣጣሪነቱ ተመለሰ። «ከልክ ውጪ የሆነ ባዕድ ነገር። አንሳው፤ አለዚያ ሁለተኛ ካርድ ነው።»

መጀመሪያ ሩትን አፏን አስከፈትናት። ሁሉም ጥርሶቿ በቦታቸው ናቸው። ዋልተርም አይቶ አረጋገጠ፤ በርቺ አላት።

ወረንጦዬን አወጣሁ። እትዬ ዘውዴ እጄን ያዙኝ።

«እንዳትነካው!»

«እትዬ፣ ያስወጡኛል።»

«አንድ ልጅ ጥርሱን ጣራህ ላይ ጥሎ ሄደ። አሮጌውን ሰጥቶ አዲስ የሚጠብቅ ነው። አንተ ስታነሳበት ምን ሊበቅልለት ነው?»

ላላደጋችሁበት ላስረዳ። እኛ ዘንድ የወተት ጥርስ ሲወልቅ ጣራ ላይ ይወረወራል፣ አዲስ ነጭ ጥርስ ይለመናል። እኔም ወርውሬያለሁ። እዚህ ግን ልጁ የት ይወርውር? አፓርታማው አራት አምስት ፎቅ ነው፣ ቆርቆሮም የለውም። በዚያ አዳራሽ፣ ምናልባትም በዚያ ሰፈር ሁሉ፣ ልጅ እጁ የሚደርስበት ቆርቆሮ ጣራ የእኔ ብቻ ነበር።

ለዋልተር ይህንኑ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«ጣራ ላይ ቢሆንም፣ ቅርጫት ውስጥ ቢሆንም ይበቅላል» አለ።

«ካልተነሳበት ነዋ የሚበቅለው» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ ብሩክ ሲተረጉምላቸው። «ተነስቶበት የበቀለ አይቶ ያውቃል ወይ በለው።»

ብሩክ ጠየቀው። ዋልተር አሰበ። «በዚህ መልኩ ተከታትዬ አላውቅም» አለ።

ባዶውን ጣውላ ከጥጉ አየሁት፤ ተዘጋጅቶ ቆሟል። የመጸዳጃ ቤቱን በርም አየሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከልኩ ውጪ የሆነ አንድ ነገር ጣቢያዬ ላይ አላደረግሁም፤ ለሠላሳ ሴንቲ ሜትር አጥር አንድ ወር የደከምኩ ሰው ነኝ። ወረንጦውን ኪሴ ከተትኩ።

«አላነሳውም» አልኩ።

ሊንዳ ከበረዶዋ ማዶ ትሰማ ነበር። ማስመሪያ ይዛ መጣችና ጥርሱን ሳትነካ ለካችው። «ስድስት ሚሊ ሜትር። በእውነተኛው ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዋልተር፣ ይህ የውኃ ታንከር ነው።»

«ታንከር?» አለ ዋልተር።

«ነጭ የጣራ ታንከር በዚያ ዘመን አልነበረም» አልኩ። ስሕተት ሲነገር ዝም ማለት አልችልም። «ከዚያም ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ለጣቢያ ያንሳል። ቅርጹም ክብ አይደ…»

«ሚኪ፣ በናትህ ዝም በል» አለ ብሩክ በአማርኛ።

«ምን እያለ ነው?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ራሱን እያስባረረ ነው።»

እትዬ ዘውዴ በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ። ዝም አልኩ።

ዋልተር መነጽሩን ደጋግሞ ቀየረ። ታችኛው መንጋጋ፣ ግራ፣ የፊት መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ አየውና «ታንከር ከሆነ» አለ፣ «ቧንቧው የታለ?»

አዳራሹ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ሊንዳ ከራሷ የቴሌግራፍ እንጨቶች ላይ ሽቦውን ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ተራራዋ ያን ዕለት ከዓለም ተቆረጠ። ሽቦውን ጥርሱን ሳልነካ ከሥሩ አስጠጋሁት፣ በጣራው ጠርዝ አጠፍኩት፣ በግድግዳው አወረድኩት። ከታች ከመርፌ ጫፍ ቧንቧ ሠራሁለት። ብሩክ የስልኩን መብራት ያዘልኝ። ጊዜ ስለተረፈኝ ከቧንቧው ሥር አሸዋውን በአንዲት ጠብታ ቡናማ ቀለም አረጠብኩት፤ እንዲህ ያለ ቧንቧ ሁልጊዜ ያፈሳል።

ዋልተር ጎንበስ አለ። ቧንቧውን አየ፣ እርጥቡን አየ። «ያፈሳል» አለ።

«አዎ።»

«አስጠግነው።» ሁለተኛውን ካርድ ኪሱ መልሶ ከተተና ወደ ሊንዳ ሞጁል አለፈ። ለተቆረጠው የቴሌግራፍ ሽቦ ቢጫ ካርድ ሰጣት።

የመጨረሻው ባቡር ከዋሻው ወጥቶ በጣቢያዬ አለፈ። ጣራው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ታንከሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

እንግዲህ በቦታው የነበራችሁ እርዱኝ። ሰዎቹን እኔ ካሰብኩት በላይ አስታውሳለሁ፣ ልጆቹን ግን አላየኋቸውም፤ ዓይኔ ሐዲዱ ላይ ነበር። የማን ልጅ ነው? ወንድ ነው ሴት? ማን አንስቶ ከፍ አደረገው፣ ወይስ ራሱ ደረሰበት? ሲጥል ምን አለ፣ በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ፣ የጎደለውን ጨምሩበት። በቤታችሁ ታች ግራ የፊት ጥርሱ የጎደለ ልጅ ካለ፣ አዲሱ ብቅ ሲል ንገሩኝ። እስከዚያ ታንከሩን አላነሳም፤ ውኃውም አይቋረጥም።